የድካም ኪኒን

እስቲ አንዴ ስሙኝ። ይቺን ነገር ሁለት ሳምንት ሙሉ ይዣት ዞርኩ፣ ሆዴ ግን አልችል አለ፣ ካልነገርኳችሁ አይሆንልኝም። የነገረችኝ አክስቴ ናት። እሷ በአንድ የልብና የሆርሞን ክሊኒክ ካርድ ክፍል አስራ አንድ ዓመት ተቀምጣለች፣ እዚያ ቤት የማታየውና የማትሰማው ነገር የለም። እሷ ስታወራው እያስለቀሰች ታስቃለች፤ እኔ እንደዚያ አልችልበትም፣ ግን የቻልኩትን ያህል ልሞክር። ታሪኩ የአንድ የልብ ሐኪም ነው።

ሰውየውን ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር ቀስ በሉ» ነው የሚለው። ከአፉ የማትጠፋ ነገር እሷ ናታ። ደረጃ ላይ ቀስ በሉ፣ ጨው ላይ ቀስ በሉ፣ ንዴት ላይ ቀስ በሉ። ራሱ ግን ቀስ ብሎ አያውቅም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከች ይላል፣ ኮቱን ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ይሰቅላል፣ ጋውኑን ያጠልቃል፣ የማዳመጫውን ብረት በጋውኑ ጫፍ ፈተግ ፈተግ ያደርገዋል፤ ቀዝቅዞ ሰው እንዳያስደነግጥ ብሎ ነው። ከዚያ አክስቴን «እትዬ፣ አስገቢ» ይላታል። በቃ፣ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ድረስ ያቺ በር ስትከፈትና ስትዘጋ ነው የምትውለው።

ክሊኒኩ ትልቅ እንዳይመስላችሁ። ከታች መድኃኒት ቤትና ጫማ ሰፊ፣ ከላይ አንድ ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር፣ መጨረሻው ላይ ጎን ለጎን ሁለት በር። አንደኛው የልብ፣ ሌላኛው የሆርሞን። የሆርሞኗ ሐኪም ሴት ናት፣ «ዶክተር አንገት» ይሏታል፤ ሰው ሲገባ ፊቱን ሳይሆን አንገቱን ነው ቀድማ የምታየው፣ እንቅርት ይኖር ይሆን ብላ። በሁለቱ ክፍሎች መሀል ያለው ግድግዳ ስስ ችፑድ ስለሆነ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይላል። ታዲያ ሁለቱ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ዶክተር ቀስ በሉ አንድ በሽተኛ ልቡ የሚጋልበው ከአንገት እጢ የተነሳ ሲመስለው ግድግዳውን በጣቱ ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ያንቺ ሰው እኔ ጋ መጥቷል ማለት ነው። እሷ ደግሞ አንዴ ኳ ትላለች፤ ላከው። የስኳር በሽተኛ ልቡን ሲለው እንደዚሁ ከወዲያ በኩል። ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ጎረቤት ሥዕል እየሰቀለ ይመስለዋል።

የዶክተር ቀስ በሉ አባት የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። «የኔ ልጅ ሞተር ነው የሚጠግነው፣ የሰው ሞተር» እያሉ ጋራዡ ሁሉ እስኪሰለቸው ያወሩ ነበር አሉ። ልጁም አላሳፈራቸውም፣ አስራ አራት ዓመት ተማረ። ግን የተማረው በሙሉ በሌላ ቋንቋ ነው። ገና ተለማማጅ ሳለ አንድ ሽማግሌ ልባቸው ደም መግፋት አቅቶት፣ እግራቸው አብጦ ተኝተው ነበር። ልጃቸው ኮሪደር ላይ ያዘውና «አባቴን ምንድነው ያመማቸው?» አለው። ዶክተር መጽሐፉን በቃሉ ያውቀዋል፣ ምላሱ ላይ ግን አንዲት የሀገር ቃል የለችም። አንዲት አሮጊት ነርስ እጅጌውን ሳብ አደረጉትና «የልብ ድካም በለው። ሁሉም የሚለው እንደዚያ ነው። ደግሞም ጥሩ ቃል ነው፣ አያስደነግጥም» አሉት። አለው። ልጁም አልደነገጠም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን ቃል እንደ «እንደምን አደራችሁ» ሲላት ኖረ።

አሁን ወደ ፀጉር አስተካካዩ ልውሰዳችሁ።

«ጋሽ መቀስ» ይባላሉ። ፀጉር ባይኖርም እንኳ መቀሱን አየር ላይ ቀጭ ቀጭ ማድረግ የማይተዉ፣ ወሬያቸው የማያልቅ ሰው። ቤታቸው ከክሊኒኩ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ነው፤ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስታወቶች፣ ቆዳው ተቀዶ በፕላስተር የተለጠፈ አንድ ወንበር፣ የዛሬ ስንት ዓመት የቆመ የግድግዳ ካላንደር። ዶክተር በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ እዚያች ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። እዚያ ዶክተር የሚባል ሰው የለም፣ «አንተ» ብቻ ነው።

«አንተ፣ ይሄ ፀጉር እየሸሸ የት ነው የሚሄደው?» ይሉታል።

«በሽተኞቼ ጋ።»

«እነሱማ መላጣ ሆነው ነው እኔ ጋ የሚመጡት። ጨው ከለከልካቸው፣ ቅባት ከለከልካቸው፣ ፀጉሩ በምን ይብቀል?»

ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል። አክስቴ እንደምትለው ሰውየው በሥራ ቀን ዓይኑን ከድኖ አያውቅም፣ የሚጨፍነው እዚያች ወንበር ላይ ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቶንዶሱ ጆሮውን ጫር አደረገው።

«ጋሼ፣ ጆሮዬን ትፈልገዋለህ እንዴ?»

«ይቅር በለኝ። እጄ ነው። ሰሞኑን የራሷ ሐሳብ አላት።»

ዶክተር ዓይኑን ገለጠ። በመስታወቱ ውስጥ እጃቸውን አየ፣ እንደ ቅጠል ይርገበገባል። ውጭው ብርድ ነው፣ እሳቸው ግንባራቸው ላይ ላብ አለ። ቀበቷቸው ላይ በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ። ዓይናቸው ወጣ ወጣ ብሏል። ከሸሚዙ ኮሌታ በላይ ደግሞ አንገታቸው ሞላ ብሎ ይታያል። አስራ ዘጠኝ ዓመት እሳቸው እሱን ያዩታል እንጂ እሱ እሳቸውን አይቶ አያውቅም ነበር።

«ሰኞ ክሊኒክ ትመጣለህ» አለ።

«ሰኞ ዝግ ነኝ፣ እተኛለሁ።»

«ለዚያ ነው ሰኞ ያልኩህ።»

ሰኞ መጡ። ኮት ለብሰው፣ ፂማቸውን ተላጭተው፣ ሚስታቸውን አስከትለው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፣ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው ትላለች አክስቴ። ሰውየው ከበሩ ሲገቡ ተለወጡ። «እንደምን ዋሉ ዶክተር» አሉ። ዋሉ! በጠዋቱ።

«ጋሼ ምን ነካህ፣ አንተ በለኝ እንጂ።»

«እዚህማ አይሆንም» አሉና የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

ወንበሯ ላይ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዷን ቃል ይዘው ይሟገቱት ነበር። ለምን፣ እንዴት፣ ማን አለ፣ ይሉት ነበር። እዚህ ግን «እሺ»፣ «እንዳሉ»፣ «እርስዎ ያውቃሉ» ብቻ ሆነ። አንቱታ ጠያቂ አፋቸውን ዘጋው።

ዶክተር አስተኝቷቸው የልብ ምታቸውን በማሽን አነሳው፣ በደቂቃ መቶ አርባ፣ ያውም እየተዘበራረቀ። ደረታቸውን ጄል ቀብቶ ልብን በሚያሳየው ማሽን፣ በኢኮ አየው፤ ልባቸው ሰፍቶ፣ ግድግዳው ሰንፎ ደሙን እንደነገሩ ነው የሚገፋው። ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኳ። ከወዲያ አንዴ ኳ አለ። ዶክተር አንገት ራሷ መጣች፣ ከጀርባቸው ቆማ አንገታቸውን በሁለት እጇ ዳሰሰች።

«ይሄ አንገት እስከዛሬ የት ተደብቆ ነበር?» አለች።

«ኮሌታ ውስጥ» አሉ ጋሽ መቀስ፣ ቀልዳቸው እንኳ አልጠፋም።

ውጭ ሃያ ስድስት ሰው ይጠብቃል። አክስቴ በሩን ከፈት አድርጋ የካርዱን ክምር በዓይኗ አሳየችው። ዶክተር ቶሎ ቶሎ ተናገረ።

«ጋሼ፣ የአንገትህ እጢ ልብህን ሌት ተቀን ሲያስሮጠው ነው የቆየው። አሁን የልብ ድካም አለብህ።»

«ድካም ነው?»

«አዎ፣ የልብ ድካም።»

ጋሽ መቀስ ትንፋሻቸውን ለቀቁት። ትከሻቸው ወረደ። ወደ ሚስታቸው ዞሩና «አላልኩሽም? ሃያ ስምንት ዓመት ቆሜ ሠርቼ ባልደክም ነበር የሚገርመው» አሉ። ሚስታቸውም ሳቁ። ዶክተርም ሳቀ። ያቺን ሳቅ ነው እስከዛሬ የሚረግማት።

ሦስት ዓይነት ኪኒን ታዘዘ። አንዱ ለአንገቱ እጢ፣ አንዱ ልቡን ቀስ እንዲል የሚይዘው፣ አንዱ ውኃውን በሽንት የሚያወጣ። «ሳታቋርጥ» አላቸው። «እንዳሉ ዶክተር» አሉ። ወጡ። ቀጣዩ ገባ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ጥሩ ነበር። በወር ተኩሉ እጃቸው ቆመ፣ ዶክተር ሁለት ቅዳሜ ተስተካከለ፣ ጆሮውም ተረፈ። ግን ያ ልብ የሚይዘው ኪኒን ሰው ላይ ድብርት ይጥላል፣ እግር ያከብዳል፣ እስኪለመድ ድረስ። ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል። ጋሽ መቀስም ከሰዓት በኋላ እግራቸው እንደ እርሳስ ይከብድባቸው ጀመር። ለደንበኛው ሁሉ ያወሩታል።

«የድካም ኪኒን ሰጥተውኝ ጭራሽ አደከመኝ።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሃል፣ ተወዋ» ይላል ወንበሩ ላይ ያለው።

«ሐኪሙ ወዳጄ ነው እኮ።»

«ወዳጅህ ቢሆንስ? ሰው ይሳሳታል። ድካም በእረፍት ነው የሚለቀው።»

እውነት አይደል? እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምለው። ድካም ማለት ድካም ነው። የደከመው ሰው ያርፋል። ጋሽ መቀስ ልብ የሚይዘውን ኪኒን ተዉት። እሱን ከተዉ በሦስተኛው ሳምንት የአንገቱንም ተዉት፣ እጄ ቆሟል ብለው። ቤታቸውን ዘግተው ተኙ። ሚስታቸው ወተት በማር እያፈሉ ያጠጧቸዋል፣ ጠያቂ ሲመጣ ደጃፍ ላይ ቆመው «እያረፈ ነው፣ አታድክሙት» ይላሉ። በነሱ ቤት ሐኪም ያዘዘውን እየፈጸሙ ነበር፣ ልክ እንደተባሉት።

ዶክተር ቀስ በሉ አንድ ቅዳሜ ሊስተካከል ሄደ። ቆርቆሮው በር ላይ በካርቶን ተጽፎ ተለጥፏል፤ «እረፍት ላይ ነኝ»። አነበበውና ደስ አለው። «ጎሽ፣ ሰማኝ» አለ በልቡ። ፀጉሩ ጆሮው ላይ እየወደቀ ተመለሰ። በአስራ አምስት ቀኑም ሄደ፣ ካርቶኑ እዚያው አለ። በዚያው ሰሞን የጋሽ መቀስ የቀጠሮ ቀን አልፎ ካርዳቸው አክስቴ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። አክስቴ ይሄን ስትነግረኝ ጣቶቿን ታያለች፣ ቀና አትልም። «አንድ ስልክ ነበር የሚፈልገው» አለችኝ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ደረጃው ላይ ጩኸት ተሰማ። ሁለት ጎረቤቶች ጋሽ መቀስን በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው አመጧቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ላባቸው ሸሚዙን አርሶታል፣ ትንፋሻቸው እየተቆረጠ እንደ ምንጭ ይንቆረቆራል። ዶክተር ግድግዳውን አላንኳኳም፣ በቡጢ ነው የመታው። ዶክተር አንገት ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ ሮጠች። ኦክስጅን አደረጉ፣ መርፌ ወጉ፣ አምቡላንስ ተጠራ።

«ኪኒኑን አምጪው፣ የሚወስደውን ሁሉ» አላቸው ተከትለው የገቡትን ሚስትየዋን።

በእጃቸው የያዙትን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። የውኃው ኪኒን አልቋል። የአንገቱ ግማሽ ደርሷል። ልብ የሚይዘው ግን መጨረሻ የተገዛው እሽግ አንድ ሳምንት ብቻ ተነክቶ ሌላው እንዳለ ነው፣ የቀረው ብርማ ወረቀት እንኳ አልተጨማደደም።

«ይሄን ለምን ተወው?»

ሚስትየዋ ግራ ገባቸው። «ዶክተር፣ እርስዎ ድካም ነው ብለውት የለ? እሱ ደግሞ ያደክመዋል። ምን ይሁን ታዲያ፣ አሳረፍኩት። ማንንም አላስገባሁበትም። ውኃ እንኳ ራሱ አልቀዳም።»

ዶክተር አንገት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ዶክተር ቀስ በሉ ኪኒኑን ይዞ ቆመ። አክስቴ በሩ ላይ ነበረች፣ «በዚያ ሰውዬ ፊት ላይ ያየሁትን በማንም ፊት ላይ አይቼ አላውቅም» ትላለች። ዶክተር ያቺን «ድካም» የምትል ቃሉን ሰማት። ለሃያ ሦስት ዓመት ሲናገራት ኖሮ የሰማት ያን ቀን ነው።

አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። ጋሽ መቀስ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩት። እጃቸው፣ ያቺ የራሷ ሐሳብ ያላት እጅ፣ ቀስ ብላ ወጥታ ጆሮው ላይ የወደቀውን ፀጉር ነካች።

«አንተ» አሉት፣ «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የጎፈርከው? ቅዳሜ ና።»

አምቡላንሱ ሲደርስ የሚጭነው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሁለቱ ሐኪሞች በር ዘግተው ተቀመጡ። አክስቴ ሻይ ይዛ ገብታ ነው የሰማችው። ዶክተር አንገት ልታጽናናው ነበር የፈለገችው።

«አንተ ብቻ አይደለህም» አለችው። «ባለፈው አንዷን ስኳር አለብሽ አልኳት። በወሯ መጥታ ምን አለችኝ? "ዶክተር፣ ጓዳ የነበረውን በሙሉ ለጎረቤት ሰጠሁት፣ አሁን ቤቴ ውስጥ ስኳር የሚባል የለም።" ሌላው ደግሞ ግፊት አለብህ ስለው "ማንም አይገፋኝም፣ ከሰው ጋር ተስማምቼ ነው የምኖረው" አለኝ።»

አልሳቀም። እሷም መሳቁን ተወችው።

«ስንት ሰው ገደልኩ?» አላት።

«እንደዚህ አትበል።»

«ቁጥሩን ነው የምጠይቅሽ። በቀን አርባ ሰው አያለሁ።»

ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ለሚመጣ በሽተኛ ሁሉ ከማዳመጡ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ጀመር፤ «ባለፈው ምንድነው ያልኩህ?» መልሱ አንድ ነው። «ድካም ነው ብለውኛል።» «ታዲያ ምን አደረግክ?» «አረፍኩ።» አንዱ ሥራ ለቋል። አንዷ ቫይታሚን ገዝታ ስትውጥ ከርማለች። አንድ ሽማግሌ ኪኒኑን የሚወስዱት ሲደክማቸው ብቻ ነው፣ ሰርግ ያለ ሰሞን ሁለት ሁለት ይወስዳሉ፣ ለጭፈራው። ዶክተር እያንዳንዱን መልስ ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፈ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ካርዶቹን ሰበሰባቸውና አንብቦ ሲጨርስ ራሱን ጠረጴዛው ላይ ደፋ።

ሌላ ቃል ፈለገ። እስቲ እናንተም ሞክሩት፣ ጉድ ነው የምታዩት። በኛ ቋንቋ ልብ የምትለዋ ቃል ቀድማ ተይዛለች። «ልብህ ከድቶሃል» አላቸው አንዱን አባት፣ ተቆጥተው ተነሱ፤ «የኔ ልብ ማንንም ከድቶ አያውቅም» አሉት። «ልብሽ ሰንፏል» ያላት ሴት አለቀሰች፣ ባሏ የሚላትን ነው የደገመባት። «ልብህ መሥራት እያቃተው ነው» ያለው ጎልማሳ እዚያው ወንበሩ ላይ ራሱን ሳተ፣ በማግስቱ ወደ ሌላ ሐኪም ሄደ፤ እዚያ ምን ብለውት ይሆን? ድካም ነው። ደስ ብሎት ኪኒኑን መዋጥ አቆመ፣ ይሄን አክስቴ ከወንድሙ ሰማች።

ወረቀት ላይ ሥዕል መሳል ጀመረ፤ ፓምፕ፣ ቧንቧ፣ ባልዲ። ሥዕሉ ብቻ በአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። አርባው ሰው አስራ ሦስት ሆነ። የቀሩት ተራ ሳይደርሳቸው ይመለሳሉ፤ ከሚመለሱት መሀል ደግሞ ደግመው ያልመጡ አሉ። ግድግዳውም ዝም አለ። ዶክተር አንገት አልፎ አልፎ ሁለቴ ታንኳኳለች፣ እሱ ሳይሰማ ይቀራል ወይ ይሰማና ይረሳል። ፀጉሩ ኮሌታውን አልፎ ወረደ። አክስቴ አንድ ቀን ደፍራ «ዶክተር፣ እዚህ ታች አንድ አዲስ ፀጉር ቤት ተከፍቷል እኮ» አለችው። «ቅዳሜ» አላት። ቅዳሜዎች አለፉ።

ባለፈው ወር አንዲት እናት መጡ። እግራቸው እንደ ትራስ አብጧል፣ ትንፋሽ እንዳያጥራቸው ሁለት ትራስ ደርበው ነው የሚተኙት። መጨረሻ ላይ የገቡት እሳቸው ነበሩ፣ አክስቴም ካርድ ልትሰበስብ ገብታ በሩ ክፍት ነው። ዶክተር ፓምፑን ሳለላቸው። ቧንቧውን ሳለ። ውኃው እንዴት ወደኋላ ተመልሶ እግር ላይ እንደሚጠራቀም አሳያቸው። ኪኒኑ በመጀመሪያ ከበድ እንደሚልባቸው፣ ቢከብድም እንደማይተዉት፣ ቢሻላቸውም እንደማይተዉት ሦስት ጊዜ ነገራቸው። እናት በጥሞና ሰሙ። ወረቀቱን አቅርበው አዩት። ቆይተው ፊታቸው ፈታ አለ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ደግሞ ምን ሊለኝ ነው ብዬ ስፈራ» አሉ። «ድካም ነው በለኛ ልጄ።»

እስክሪብቶው እጁ ላይ ቆመ። አክስቴ አሁን ያርማቸዋል፣ አሁን ከመጀመሪያው ይጀምራል ብላ ጠበቀች። ሥዕሉን አየው። እናትየዋን አያቸው፣ ፈገግ ብለው የሱን አፍ እየጠበቁ ነው።

«አዎ እናቴ» አለ። «ድካም ነው።»

መርቀውት ተነሱ። ኮሪደሩ ላይ ልጃቸው «ምን አለሽ?» ስትላቸው ድምፃቸው እስከ ውስጥ ተሰማ። «ተመስገን፣ ድካም ብቻ ነው፣ እረፍት ነው የሚፈልገው።» አክስቴ ልጅቷን ተከትላ ወርዳ፣ ደረጃው ሥር ይዛ ስለ ኪኒኑ አንድ በአንድ ነገረቻት። ልጅቷ «እሺ፣ እሺ» እያለች እናቷን ደግፋ ታክሲ ትፈልግ ነበር። ሰምታት ይሁን አይሁን አክስቴ አታውቅም። ቀጠሯቸው ትናንትና ነበር፣ ማታ ደውዬ አክስቴን ጠየቅኳት። ካርዳቸው ጠረጴዛው ላይ ነው። አክስቴ በተሰጣት ስልክ ስትደውል ውላለች፣ አይነሳም።

እና እኔ ይሄን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። እናታችሁ ወይ አባታችሁ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ «ምን አሏችሁ?» ብላችሁ ስትጠይቁ የመለሱላችሁ ቃል ምን ነበር? እናንተስ ሐኪም አንድ ነገር ብሏችሁ ሌላ ነገር ሰምታችሁ የወጣችሁበት ቀን አለ? እስቲ ንገሩኝ፣ እንዴት አወቃችሁት?